ከ2027 በፊት የኳሱን እንግሊዝኛ እናስተምር

ግልጽ ደብዳቤ

በካምፓላ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት አመራሮች፣ እንዲሁም ለስደተኞችና ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ተቋማትና መምህራን በሙሉ

ጉዳዩ፦ የአህጉርና የዓለም እግር ኳስ ውድድሮች ቃላትና አነጋገር በእንግሊዝኛ ትምህርታችን ውስጥ እንዲካተት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የማኅበር ኃላፊዎችና መምህራን፤

የኦዊኖን ገበያ ለእናንተ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። በይፋ የቅዱስ ባሊኩደምቤ ገበያ ቢባልም ሻጩም ገዢውም ዛሬም ኦዊኖ ብሎ ነው የሚጠራው። ካባላጋላና ካንሳንጋ የሚኖረው ወገናችን ለልጆቹ ልብስና ጫማ፣ ለራሱም ጃኬት ሲያስፈልገው ታክሲ ተሳፍሮ ወደዚሁ ገበያ ይወርዳል። ገበያው የናኪቩቦ ስታዲየም ጎረቤት ነው። በ1926 የተከፈተው ያ ሜዳ ፈርሶ እንደ አዲስ ከተሠራ በኋላ በ2024 ዳግም ተመርቋል፤ በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በኦዊኖ ማሊያው ከልባሽ ጨርቁ ጋር በየመደቡ ተሰቅሎ ይታያል፤ በሻጭና በገዢ መካከል ከዋጋ ክርክር ቀጥሎ የሚነሣው ወሬም ኳስ ነው። በዚህ ወሬ መካከል ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የሚቆመው የእኛ ሰው ነው። ዝም የሚለው ስለ ኳስ ስለማያውቅ አይደለም፤ የሚያውቀውን የሚናገርበትን እንግሊዝኛ ስላላስተማርነው ነው።

ይህን ደብዳቤ አሁን መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2023 ባሳለፈው ውሳኔ የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫ ለኡጋንዳ፣ ለኬንያና ለታንዛኒያ በጋራ ሰጥቷል። ሦስቱ አገሮች ጥያቄያቸውን ያቀረቡት «ፓሞጃ» ብለው ነበር፤ በስዋሂሊ «በአንድነት» ማለት ነው። መለማመጃውንም አይተነዋል። በየአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና፣ ቻን፣ በኦገስት 2025 በእነዚሁ ሦስት አገሮች ተካሂዷል፤ ኡጋንዳም ናምቦሌ በሚገኘው የማንዴላ ብሔራዊ ስታዲየም ተጫውታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች። ያኔ ከተማው በሙሉ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነበር። በ2027 ደግሞ ይህ ወሬ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይመለሳል፤ ከመላው አፍሪካ የሚመጣው እንግዳም በየሆቴሉ፣ በየታክሲው፣ በየገበያው ይጨመርበታል። እንግሊዝኛ የኡጋንዳ የሥራ ቋንቋ ነውና ከዚያ እንግዳም ሆነ ከሌላ ክልል ከመጣ ኡጋንዳዊ ጋር መግባቢያው በአብዛኛው እሱ ይሆናል። ለዚያ ቀን ተማሪዎቻችንን ማዘጋጀት የምንችለው ዛሬ ከጀመርን ነው።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። የዓለም አቀፍ ውድድሮች ቋንቋ ለአዋቂ ተማሪ ከማናቸውም ርዕስ ይልቅ ፈጥኖ አፍ ያስፈታል፤ ምክንያቱም ተማሪው ጉዳዩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የሚቀረው ቋንቋው ብቻ ነው። ስለ ቤት ኪራይ ውል ወይም ስለ ክሊኒክ ስናስተምር ቃሉንም አሠራሩንም ባንድ ጊዜ ነው የምንጭነው፤ ተማሪው የኡጋንዳን የኪራይ ሥርዓት ሳያውቅ የሥርዓቱን ስም ሊይዝ ይታገላል። በኳስ በኩል ግን አማርኛ የጎደለው ነገር የለም። ማጣሪያ፣ ድልድል፣ ምድብ፣ ደርሶ መልስ፣ ጥሎ ማለፍ፣ ሩብ ፍጻሜ፣ የደረጃ ጨዋታ፣ ተጨማሪ ሰዓት፣ መለያ ምት፣ የግብ ክፍያ፤ እነዚህን ቃላት እነ ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ፣ ከእነሱ በኋላ የመጡትም በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ለሕዝቡ አዳርሰዋቸዋል። ከትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ሰው እንኳ አንድ ቡድን በደርሶ መልስ ውጤት እንዴት እንደሚያልፍ አስልቶ ይነግራችኋል። ይህ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ እውቀት ነው። እኛ ግን ተማሪውን ከባዶ እንደሚነሣ ቆጥረን ስለ ለንደን አየር ጠባይ እናስነብበዋለን።

ታዲያ የሚጎድለው እንግሊዝኛ የትኛው ነው? ብዙ ሰው የሚጎድለው የነገሮች ስም ይመስለዋል። ጎል፣ ፔናሊቲ፣ ኮርነር፣ ኦፍሳይድ፣ ፋውል የመሳሰሉት ግን በአማርኛም በሉጋንዳም የተለመዱ ስለሆኑ ማንም አይቸገርባቸውም። ችግሩ ያለው በግሶቹና ግሶቹን ከባለቤትና ከተሳቢ ጋር በሚያያይዙት ትንንሽ ቃላት ላይ ነው። አማርኛ «አሸነፈ» ሲል ጨዋታውንም ተጋጣሚውንም በአንድ ግስ ይይዛል፤ ጨዋታውን አሸነፈ፣ ኬንያን አሸነፈ እንላለን። እንግሊዝኛ ለጨዋታውና ለዋንጫው «ዊን»፣ ለተጋጣሚው ግን «ቢት» ይላል። ስለዚህ ጎበዝ የሚባለው ተማሪ ሳይቀር «ኡጋንዳ ዎን ኬንያ» ብሎ ሰሚውን ግራ ያጋባል። ሽንፈት ላይ ሲመጣ ደግሞ እኛ «በሴኔጋል ተሸነፈ» ስለምንል ተማሪው «ሎስት ባይ ሴኔጋል» ይላል፤ እንግሊዝኛው ግን ከአሸናፊው ስም በፊት የሚፈልገው «ቱ» ነው፤ «ባይ» የሚመጣው ልዩነቱ ስንት ግብ እንደሆነ ለመናገር ነው። «ሁለት ለዜሮ» እንዳለ ሲገለበጥ «ቱ ፎር ዚሮ» ይሆናል፤ ኡጋንዳዊው የሚጠብቀው «ቱ ኒል»ን ነው። «አለፈ» የሚለው ግሳችን ማጣሪያውንም፣ ምድቡንም፣ ሩብ ፍጻሜውንም ያሻግራል፤ «ፓስ» ተብሎ ሲተረጎም ግን ሰሚው የሚያስበው ኳስ መቀባበልን ነው። እኛ አቻ መውጣትንና እጣ ማውጣትን በሁለት ቃል ስንለይ እንግሊዝኛ ሁለቱንም «ድሮው» ይላቸዋል። እነዚህ ስህተቶች የተማሪውን አለመቻል አያሳዩም፤ ከአማርኛ ተነሥቶ በሥርዓት ማሰቡን ነው የሚያሳዩት። የሚደጋገሙትም በዚያው ምክንያት ነው፤ መምህር አስቀድሞ ካወቃቸው ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ሊያርማቸው ይችላል።

የምድብ ሠንጠረዥን እንደ ንባብ ጽሑፍ ብናየው ምን ያህል ቋንቋ እንደያዘ እንረዳለን። ኡጋንዳ በቻን ምድቧን ስታጠናቅቅ መስመሯ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ ጨዋታ 4፣ ድል 2፣ አቻ 1፣ ሽንፈት 1፣ ያገባችው 8፣ የገባባት 6፣ የግብ ክፍያ 2፣ ነጥብ 7። ከእነዚህ ስምንት ቁጥሮች ውስጥ ተማሪው ሙሉ ታሪክ ማውጣት ይችላል። በመጀመሪያው ጨዋታ በአልጄሪያ 3 ለ 0 ተሸነፈች፤ ቀጥላ ጊኒን 3 ለ 0፣ ኒጀርን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በመጨረሻም በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ስትመራ ቆይታ በመገባደጃው ሰዓት በፍጹም ቅጣት ምቶች 3 ለ 3 ወጣች። ይህን ለመተረክ ያለፈ ጊዜ ግሶች፣ «መጀመሪያ፣ ከዚያ፣ በመጨረሻ» የሚሉ የቅደም ተከተል ቃላት፣ እንዲሁም ምክንያትና ውጤትን የሚያያይዙ ሐረጎች ያስፈልጋሉ። ያንኑ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ብንወስደው ደግሞ ሁኔታን የሚገልጸው ዐረፍተ ነገር ሳይጠራ ይመጣል፦ ደቡብ አፍሪካ ካሸነፈች ታልፋለች፤ አቻ ከወጣች ግን እጣዋ በሌላው ጨዋታ ላይ ይንጠለጠላል። በእርግጥም ደቡብ አፍሪካና አልጄሪያ እኩል 6 ነጥብ ይዘው ጨረሱ፤ ወደ ሩብ ፍጻሜው የተሻገረችው ግን አልጄሪያ ነበረች። ለምን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ተማሪ በእንግሊዝኛ ማስረዳትን ተማረ ማለት ነው። በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ «ቢዘንብ ኖሮ» እያለ ሲያንቀላፋ የነበረው ሰው በዚህ ጥያቄ ይነቃል።

ከዚህም አልፎ የውድድር ቋንቋ የደንብ ቋንቋ ነው። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ቦርድ የጨዋታውን ሕግ በተለያዩ ቋንቋዎች ቢያሳትምም በትርጉም ልዩነት ሲፈጠር የሚጸናው የእንግሊዝኛው ቅጂ ነው። ደንብን በጥንቃቄ አለማንበብ ምን እንደሚያስከፍል ሁለት ታሪኮች ይነግሩናል። በኦክቶበር 2011 ደቡብ አፍሪካ ከሴራሊዮን ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ ለ2012ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ያለፈች መስሏት ሜዳው ላይ ጨፍራ ነበር። ኒጀር፣ ደቡብ አፍሪካና ሴራሊዮን እኩል 9 ነጥብ ነበራቸው፤ የካፍ ደንብ ግን ከጠቅላላ የግብ ክፍያ በፊት እኩል የሆኑት ቡድኖች እርስ በርስ ያገኙትን ውጤት ያስቀድም ስለነበር ያለፈችው ኒጀር ሆነች። የእኛም አለን። በጁን 2013 ዋልያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ቢያሸንፉም፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት ማረፍ የሚገባው ተጫዋች ተሰልፎ በመገኘቱ ድሉ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ። ቡድናችን ከዚያም በኋላ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ በመጨረሻው ደርሶ መልስ ግን በናይጄሪያ ተሸነፈ። እነዚህ ጥፋቶች እንግሊዝኛ ባለማወቅ የመጡ ናቸው አልልም፤ ደቡብ አፍሪካውያን እንግሊዝኛ አላነሳቸውም። ከታሪኮቹ የምወስደው ሌላ ነገር ነው፤ ደንብን ከነቅድመ ሁኔታው ማንበብ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፣ ልምምድም ይፈልጋል። የኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የስደተኝነት ጉዳይ ማሳወቂያ የሚጻፉት «ይህ ካልተሟላ በቀር»፣ «ከዚህ ቀን በፊት»፣ «ሁለቱም እኩል ከሆኑ» በሚል አነጋገር ነው። ተማሪው ይህን አነጋገር አስቀድሞ በሚያውቀውና በሚወደው ደንብ ላይ ቢለማመደው፣ በሚያስፈራው ወረቀት ላይ ሲያገኘው አይደነግጥም።

ሌላው ማስረጃ የጋራ ታሪካችን ነው። የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በጃንዋሪ 1962 አዲስ አበባ ሦስተኛውን ውድድር ስታስተናግድ የተካፈሉት ቡድኖች አራት ብቻ ናቸው፦ ኢትዮጵያ፣ ያኔ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ፣ ቱኒዚያ እና ኡጋንዳ። ኡጋንዳ ያኔ ነፃነቷን ለማግኘት ወራት ይቀሯት ነበር፤ ባንዲራዋን የሰቀለችው በዚያው ዓመት በኦክቶበር 9 ነው። ኢትዮጵያ በፍጻሜው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኡጋንዳም በ1978 አክራ ላይ ለፍጻሜ ደርሳ በጋና 2 ለ 0 ተሸንፋለች። ካፍን ከ1972 እስከ 1987 የመሩትም ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ መተረክ የሚችል ኢትዮጵያዊ በኦዊኖ መደብ ፊት እንደ እንግዳ ብቻ አይታይም፤ ለጎረቤቱ የራሱን አገር ታሪክ ጭምር ይዞለት የመጣ ሰው ይሆናል። የአገሩ ቡድን አዲስ አበባ ላይ መጫወቱን የማያውቅ ወጣት ኡጋንዳዊ ደግሞ ብዙ ነው። ወሬ የሚጀመረው ሁለቱም ወገን የሚሰጠው ነገር ሲኖረው ነው፤ ስደተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ የመስጠት ዕድል ነው።

የቋንቋ ትምህርት ጥናትም ይህን ሐሳብ ይደግፋል። በቃላት ትምህርት ላይ ብዙ የጻፉት የኒውዚላንዱ ምሁር ፖል ኔሽን የቋንቋ ትምህርት ጊዜ ለአራት ነገሮች በእኩል መከፋፈል እንዳለበት ይመክራሉ፦ ለትርጉም ተብሎ ለሚደረግ ማዳመጥና ማንበብ፣ ለትርጉም ተብሎ ለሚደረግ መናገርና መጻፍ፣ ቋንቋውን ራሱን ለማጥናት፣ እንዲሁም ያወቁትን በፍጥነት ለመጠቀም። አራተኛው የሚሠራው ርዕሱም ቃላቱም ለተማሪው የታወቁ ሲሆኑ ነው። በየክፍሉ የሚጎድለው ደግሞ እሱ ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ ነገር እያስተማርን፣ የተማሩትን እንደልብ የሚናገሩበት ጊዜ እንነፍጋቸዋለን። ውድድር በተፈጥሮው ይህን ጊዜ ይሰጣል። ያው ቃል በየጨዋታው ይመለሳል፣ ውጤቱ ግን በየቀኑ አዲስ ነው፤ ተማሪው ሳይሰለች ይደጋግማል። ለዚህ በከተማችን ምሳሌም አለን። በ2007 በኮንጎ ስደተኞች ካምፓላ ላይ የተመሠረተው ያሪድ የተባለው ድርጅት የስፖርት ጨዋታንና የእንግሊዝኛ ትምህርትን ጎን ለጎን ይዞ የሠራ ነው። ስደተኛን የሚያሰባስበውና የሚያናግረው ነገር አንድ መሆኑን ጎረቤቶቻችን ከኛ ቀድመው አይተዋል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሧቸው ነጥቦች አሉ፤ ሁሉም ሊሰሙ የሚገባቸው ናቸው። የመጀመሪያውና ከባዱ፣ ተማሪዎቻችን የሚያስፈልጋቸው ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ለቃለ መጠይቅ የሚሆን እንግሊዝኛ ስለሆነ ኳስ ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ስሙንና አድራሻውን መናገር ለማይችል፣ የታመመ ልጇን ምን እንደሚያመው ለሐኪም ማስረዳት ለማትችል እናት ያ ይቀድማል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ከዚያ ደረጃ ካለፉ በኋላ በስደተኝነት ጉዳይ ቃለ መጠይቅ ምን እንደሚጠየቅ እናስብ። ማን ምን አደረገ? መቼ? ከዚያስ ምን ሆነ? ለምን? አንድ ነገር ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጨዋታን መተረክ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ጨዋታ ሲተርክ የተሳሳተ ሰው የሚያጣው ነገር አለመኖሩ ነው። የሕይወቱን ከባድ ታሪክ በባዕድ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለሥልጣን ፊት ከመናገሩ በፊት፣ ቅደም ተከተል ጠብቆ መተረክን ሕመም በሌለው ጉዳይ ላይ ቢለማመድ ይሻላል። ስለዚህ ኳሱ በሌላው ትምህርት ቦታ ይግባ አልልም፤ ለሌላው ትምህርት መለማመጃ ይሁን ነው የምለው።

ሁለተኛው ነጥብ ኦዊኖ የሉጋንዳ ገበያ ነው፣ እዚያ እንግሊዝኛ ምን ይሠራል የሚል ነው። እውነት አለው። ዋጋ የሚቀነሰውም፣ ወዳጅ የሚገኘውም በሉጋንዳ ነው፤ ጥቂት ቃል እንኳ የሞከረ ሰው ፊቶች ሲፈቱለት ያያል። ግን የኳሱ ወሬ ሁለቱን ቋንቋዎች አያጣላም። ኳስ በሉጋንዳ «ኦሙፒራ» ነው፤ ጎሉ፣ ፔናሊቲውና ሌላው የጨዋታ ቃል ግን በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ስለሆነ እንግሊዝኛውን የያዘ ሰው የሉጋንዳውን ወሬ ግማሽ መንገድ ይከተላል። እንዲያውም ቃላቱን በሦስት ዓምድ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ሉጋንዳ፣ አድርገን ብናስተምር ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ለሉጋንዳው ዓምድ መምህሩ ኡጋንዳዊ ጎረቤት ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን ትምህርቱ ራሱ ትውውቅ ይፈጥራል።

ሦስተኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። ኳስ የወንዶች ወሬ ስለሆነ ሴት ተማሪዎችን ያገላል ይባላል። መምህሩ የተጫዋቾችን ስም በማወቅ ውድድር ካደረገው በእርግጥ ያገላል፤ ስም የማታውቅ ሴት ብቻ ሳትሆን ስም የማያውቅ ወንድም ይገለላል። እኔ የምጠይቀው የስም ሽምደዳ አይደለም። የሉሲዎቹና የኡጋንዳ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎችም የዚሁ ቋንቋ ምንጮች ናቸው። በ2015 በካናዳ፣ በ2019 በፈረንሳይ በተካሄዱት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ላይ በዳኝነት የተመረጠችው ኢትዮጵያዊቷ ሊዲያ ታፈሰ ናት። ዳኛ ማለት ደግሞ በዓለም አቀፍ ሜዳ ላይ ከየአገሩ ከመጡ ተጫዋቾች ጋር በአጭርና በማያሻማ ቋንቋ የምትግባባ ሰው ናት። ስለ እሷ የሥራ ሕይወት የተዘጋጀ አንድ ገጽ ንባብ ለወንዱም ለሴቷም ይበቃል። ኳስ ጨርሶ የማይስበው ተማሪ ካለ ደግሞ ያንኑ ግስና ያንኑ ሠንጠረዥ በአትሌቲክስ ይለማመድ፤ በረጅም ርቀት ሩጫ ኢትዮጵያና ኡጋንዳ ብዙ የሚያወሩት አላቸው።

አራተኛው ስጋት ውርርድ ነው፤ ይህንን ከሁሉም በላይ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። በካምፓላ የውርርድ ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። የኡጋንዳ መንግሥትም በ2019 መጀመሪያ ለአዳዲስ የስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ፈቃድ መስጠት እንዲቆም ፕሬዚዳንቱ ማዘዛቸውን እስከ መግለጽ ደርሶ ነበር። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወጣት የዕለት ጉርሱን በትኬት ላይ ሲያጠፋ ያያችሁ ወላጆችና ሽማግሌዎች የኳስን ስም በትምህርት ቤት መስማት ቢከብዳችሁ አይገርመኝም። መልሴ ግን ይህ ነው፤ ወጣቱ ወደ ውርርድ ቤት የሚሄደው እንግሊዝኛ ተምሮ አይደለም፤ እዚያ ሁለት ቁጥርና አንድ ስም ይበቃዋል። በተቃራኒው ጨዋታን መተረክ፣ መተንተን፣ ከሌላው ጋር መከራከር የለመደ ሰው ኳስን ከትኬት ውጭ የሚወድበት መንገድ ያገኛል። ይህ ማለት ግን እንዳሻው ይሁን ማለት አይደለም። የውርርድ ድርጅት ወረቀት፣ ምልክትና ዋጋ በክፍላችን ውስጥ ለማስተማሪያነት አይግባ፤ ለትምህርቱም ከእነዚህ ድርጅቶች ገንዘብ አንቀበል። ይህ በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ይሁንልን።

አሁን ወደ ተጨባጩ ጥያቄ ልምጣ። ከምታስተምሩበት ጊዜ ውስጥ ለአንድ መንፈቅ በሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ ይመደብ። ቃላቱ በአራት ጥቅል ይዘጋጁ፦ አንደኛ የውድድሩ አወቃቀር፣ ከማጣሪያና ድልድል እስከ ፍጻሜ፤ ሁለተኛ የውጤት ግሶች ከነመስተዋድዳቸው፤ ሦስተኛ የደንብና የዳኝነት አነጋገር፤ አራተኛ የመወያየት አነጋገር፣ ማለትም መስማማት፣ በትሕትና መቃወም፣ ተራ መጠበቅ፣ ያልገባን ነገር መጠየቅ። አራተኛውን ችላ እንዳትሉት አደራ እላለሁ፤ በኳስ ወሬ ውስጥ ጓደኝነትም ጠብም የሚወለደው ከአነጋገር ነው። ከዚህ ጋር ስታዲየም የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው አነጋገር ይጨመር፤ ትኬት መግዛት፣ በርና መቀመጫ መጠየቅ፣ ፍተሻ ላይ መግባባት። ካባላጋላ ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ በውድድሩ ሰሞን ቴሌቪዥኑ ሥር ከሚቀመጥ እንግዳ ጋር ሲያወሩ ይህ ሁሉ የሥራ ቋንቋቸው ይሆናል።

ለማስተማሪያ የሚሆነው ነገር ውድ አይደለም። አንድ የምድብ ሠንጠረዥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ የሚጠይቀው ጠመኔ ብቻ ነው። የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ በ48 ቡድኖችና በ12 ምድቦች እንዲካሄድ፣ ከየምድቡ ሁለት ቡድን፣ በተጨማሪም ከሦስተኞቹ ስምንቱ የተሻሉት እንዲያልፉ ተወስኗል፤ ይህን አሠራር በእንግሊዝኛ ለጓደኛ ማስረዳት ብቻውን የአንድ ሰዓት ትምህርት ነው። የ1962ቱ የአዲስ አበባ ውድድር አራት ቡድንና አራት ጨዋታ ብቻ ስለነበረው ለጀማሪዎች የመጀመሪያ ንባብ እንዲሆን የተሠራ ይመስላል። የኡጋንዳ ሬዲዮ ጣቢያዎች የእንግሊዝኛ የስፖርት ዜና ለማዳመጥ ልምምድ በነፃ ይገኛል። ሥራው ግን መምህሩን ዝግጅት ይጠይቀዋል፤ የማኅበራቱ ድርሻም መምህራኑ በዚህ ላይ የሚመክሩበትን አንድ ቀን ማዘጋጀት፣ የተዘጋጀውን ጽሑፍም አባዝቶ ለሁሉም ማዳረስ ነው። ተቋማቱ ተማሪዎቹን በመንፈቁ መጨረሻ ሲፈትኑ አንድ ጨዋታ በአምስት ደቂቃ እንዲተርኩና አንድ ደንብ አንብበው እንዲያስረዱ ያድርጉ። ውጤቱ ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል፤ ካልሠራም እንተወዋለን።

የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ በ2006 ሲወጣ ለስደተኛው የመሥራትና ከቦታ ቦታ የመንቀሳቀስ መብት አውቆለታል። ሕግ ሊሰጥ የማይችለው በገበያና በታክሲ ውስጥ እንደ ሰፈር ሰው መቆጠርን ነው፤ እሱ የሚገኘው በየዕለቱ ወሬ ውስጥ በመግባት ነው። የ2027 የአፍሪካ ዋንጫ ወገኖቻችን በዚህ ከተማ ወሬ ውስጥ ሙሉ ተሳታፊ የሚሆኑበትን ምክንያት ይዞ ወደ ደጃችን እየመጣ ነው። በቀጣዩ የምዝገባ ወቅት ይህ ትምህርት በዝርዝራችሁ ላይ እንዲገባ፣ ማኅበራቱም የመምህራኑን የምክክር ቀን ከወዲሁ እንዲቆርጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥያቄዬን የማትቀበሉ ካላችሁም ምክንያታችሁን በይፋ ብትገልጹልን፣ በክርክሩ ሁላችንም እንማራለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር
ኦዊኖ አካባቢ፣ ካምፓላ